ሳይነኩት የሚገራ ፀጉር

ሐምሌ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ከፀጉር ቤት የምትወጣ ሴት በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን ነው። ጠቆር ካለ ከቦርሳዋ ፌስታል ታወጣና ጭንቅላቷ ላይ ታስራለች። ጫማዋ ጭቃ ቢነካው፣ ልብሷ ቢርስ ግድ የላትም፤ ሁለት ሰዓት ካስክ ሥር ተቀምጣ፣ ከዚያም ተተኩሳ የወጣችበት ፀጉር ግን ያሳሳታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፌስታሉም አያድናትም። ጠብታ ሳይነካት ቤቷ ስትደርስ ግንባሯ ዳር ያለው ፀጉር ቀና ቀና ብሎ፣ መሀሉ ተነፍቶ ታገኘዋለች። ያበላሸው ዝናቡ ሳይሆን አየሩ ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስመርረው ፀጉራቸው ሉጫም ከርዳዳም ያልሆነ ሰዎችን ነው። ሲረጥብ በሚያምር ሞገድ ይወርዳል፤ ሲደርቅ ይንጨባረራል። ሉጫው ቢያበጥሩትም ባያበጥሩትም ይተኛል፤ ከርዳዳው ጎፈሬ ሆኖ ሲቆም ያምርበታል። መሀል ላይ ያለው ግን በየጠዋቱ ትግል ነው፦ ይበጠራል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ቅባት ይጨመርበታል፣ እንደገና ይበጠራል፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ተቆርጦበት በላስቲክ ይታሰራል። ከዚህ ሁሉ ድካም አብዛኛው ችግሩን የሚያባብስ መሆኑን ስነግራቸው የሚቆጡ ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲያ ነው። የዚህ ዓይነት ፀጉር መልክ የሚወሰነው ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሰዓታት በደንብ ከተያዙ ቀሪው ሳምንት ብዙ ሥራ አይጠይቅም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከአንዲት ዘለላ ፀጉር መነሳት ይሻላል። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ጥፍርና የበግ ፀጉርም እንዲሁ። ዙሪያውን ቀጫጭን ቅርፊቶች ተደራርበው ሸፍነውታል። የቅርፊቶቹ አፍ ወደ ፀጉሩ ጫፍ ያዘነበለ ስለሆነ፣ አንድ ዘለላ በሁለት ጣት ይዘው ከሥሩ ወደ ጫፉ ቢስቡት ሙልጭ ይላል፤ ከጫፉ ወደ ሥሩ ቢመልሱት ጣት ይይዛል። አንባቢ አሁኑኑ አንድ ነቅሎ ሊሞክረው ይችላል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ወፍራሙ ክፍል ደግሞ ረጃጅም የኬራቲን ክሮች ጎን ለጎን የታመቁበት ነው።

ሉጫነትም ሆነ መጠቅለል የሚጀምረው ከቆዳ ሥር፣ ከፀጉሩ መብቀያ ነው። ቀጥ ካለ መብቀያ ቀጥ ያለ ፀጉር ይወጣል፤ ከጎበጠ መብቀያ የሚጠማዘዝ። ይህ በዘር የሚወረስ ነው፤ የሚወስነው ግን አንድ ዘረ መል ብቻውን ስላልሆነ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ እህትማማቾች አንዷ ሉጫ፣ ሌላዋ ከርዳዳ፣ ሦስተኛዋ መሀል ላይ ሆነው ቢገኙ የሚደንቅ አይደለም።

ከቆዳ በላይ የወጣው ፀጉር ሕይወት የለውም። ጥንካሬው ግን ያስገርማል። የአጼ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ 150 ዓመት አልፎ ነበር፤ ፀጉሩ ግን ያው ፀጉር ነው። ይኸው ባሕርይ ሌላም መልክ አለው። ሕይወት የሌለው ነገር ሲጎዳ አይሽርም። አንዴ የተላጠ ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልም፤ «የተጎዳ ፀጉርን ይጠግናል» የሚል ጠርሙስ የሚያደርገው ቁስሉን ቀብቶ ማለስለስ ነው፣ እሱም እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በፀጉር ውስጥ ያሉት የኬራቲን ክሮች እርስ በርስ የሚያያዙት በተለያየ ትስስር ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው የሰልፈር ትስስር ነው። ብርቱ ነው፣ ውሃ አይፈታውም፣ ፀጉሩ ሲበቅል የያዘውን ቅርጽ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ሁለተኛው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። እያንዳንዱ ደካማ፣ ቁጥሩ ግን እጅግ ብዙ ነው። ፀጉር ሲረጥብ የውሃ ሞለኪውሎች በክሮቹ መካከል ገብተው ይህን ትስስር ይፈቱታል፤ ሲደርቅ ትስስሩ እንደገና ይያያዛል፤ የሚያያዘውም ፀጉሩ በዚያች ሰዓት በነበረበት ቅርጽ ነው። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር የደረቀ ፀጉር ቢጎዲኑ ሲወጣ ጥቅልል ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የተተኮሰ ፀጉርም ቀጥ ብሎ የሚቆየው በዚሁ ነው። ውሃ በመጣ ቁጥር ግን ውሉ ይፈርሳል። ውሃው ደግሞ የግድ ጠብታ መሆን የለበትም፤ በክረምት አየር ውስጥ የሚንሳፈፈው እንፋሎት ይበቃዋል። ያኔ እያንዳንዱ ዘለላ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ አቅጣጫ ወደ ተወለደበት ቅርጽ መመለስ ይጀምራል።

ይህን የፀጉር ባሕርይ ለቁም ነገር ያዋለው የጄኔቫው ተመራማሪ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 ስለ አየር እርጥበት አለካክ ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የገለጸው መሣሪያ ልቡ የሰው ፀጉር ነበር። ፀጉሩ በአንድ ጫፉ ይታሰራል፣ በሌላው ጫፉ ቀስት ያዞራል፤ አየሩ ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፣ ቀስቱም አብሮት ይሄዳል። ፍጹም ደረቅ ከሆነ አየር ውሃ እስከጠገበ አየር ድረስ የርዝመቱ ለውጥ ከ2 በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ በዚህች ልዩነት የሚሠሩ መለኪያዎች ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች አገልግለዋል። የውፍረቱ ለውጥ ከዚያ ይበልጣል። ውሃ የጠገበ ፀጉር 15 በመቶ ያህል ይወፍራል፣ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ውሃም ይሸከማል።

ሶሱር ሌላም ነገር ደርሶበት ነበር። ወዝ ያለው ፀጉር ለእርጥበት ቶሎ ምላሽ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለመሣሪያው የሚሆነውን ፀጉር አስቀድሞ በሶዳ ውሃ ቀቅሎ ወዙን ያወጣ ነበር። ፀጉሯን በልብስ ሳሙና የምታጥብ ሴት ሳታስበው የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ መቶ ሺህ ያህል የእርጥበት መለኪያ ጭንቅላቷ ላይ ተክላ ትወጣለች። የልብስ ሳሙና አልካላይ ነው፣ ፒኤቹ 10 አካባቢ ነው። የፀጉር ገጽ ግን ኤሌክትሪካዊ ሚዛኑን የሚያገኘው 3.7 ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በራቀ ቁጥር ገጹ ላይ ተመሳሳይ ሙሌት ይበዛል፤ ተመሳሳይ ሙሌት ያላቸው ዘለላዎች ይገፋፋሉ፣ ቅርፊቶቹም ይነሳሉ፣ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ለስላሳ ሻምፑና ከሱ ቀጥሎ የሚደረግ ኮንዲሽነር ይህን ያስተካክላሉ። ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ፖዘቲቭ ሙሌት ስላለው ኔጋቲቭ በሆነው ፀጉር ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ የተጎዳው ቦታ ይበልጥ ኔጋቲቭ ነውና በይበልጥ የሚለጠፈው እዚያ ነው። ከመዋቢያ ዕቃ ሁሉ አንድ ብቻ ግዙ ብባል ኮንዲሽነሩን እገዛለሁ።

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ዘለላ ነው። አንድ ዘለላ ግን አይንጨባረርም። መንጨባረር የማኅበር ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የካምብሪጁ ሬይመንድ ጎልድስቲን ከፓትሪክ ዋረንና ከሮቢን ቦል ጋር ሆኖ በጅራት መልክ የታሰረ ፀጉር ለምን ያንን ቅርጽ እንደሚይዝ በሒሳብ አሳይቷል። ርዕሱ ያስቃል፤ በዚያው ዓመት፣ መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ሐሳብ ለሚያጭሩ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ውጤቱ ግን የምር ነው። የፀጉሩ ክብደት ወደ ታች ይጎትታል፣ የእያንዳንዱ ዘለላ ግትርነት ቀጥ ሊያደርገው ይሞክራል፣ በየዘለላው ላይ ያለው ያልተስማማ ጥምዝ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። የመጨረሻው ኃይል ነው ጉዳዩ። ሁለት ጎረቤት ዘለላዎች ጥምዛቸው ከገጠመ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል፤ ካልገጠመ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ያ ግፊት በመቶ ሺህ ሲባዛ ጭንቅላት ላይ የምናየው ንፋት ይሆናል።

ታዲያ ደረቅ ሞገዳማ ፀጉርን ማበጠር ምን ያደርጋል? ተገጣጥመው የተኙትን ዘለላዎች ይለያያቸዋል። ቅርጹ ያልገጠመ አዲስ ጎረቤት ይሰጣቸዋል። በየጠዋቱ ሚዶ ይዘን የምንታገለው ችግር ገሚሱን ያመጣው ራሱ ሚዶው ነው።

ዘለላዎቹን የሚያስማማው ውሃ ነው። ያው ከሳሽም ተከሳሽም እሱ መሆኑ ነው። ሆሴ ቢኮ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ እርጥብ ፀጉር ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ቀጫጭን ተጣጣፊ ነገሮች ከውሃ ሲወጡ በመካከላቸው የቀረው ውሃ ጎትቶ ያቀራርባቸዋል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ጥንዶቹ ከሌላ ጥንድ ጋር ይጣበቃሉ፣ እንዲህ እያለ ትልልቅ ቡድን ይሠራል። ከመታጠቢያ ቤት ስንወጣ መስታወቱ ውስጥ የምናያቸው ያማሩ ሞገዶች እነዚህ ናቸው። ውሃው ሲተን የሚጎትታቸው ኃይል ይጠፋል፣ ያቀራረባቸው ነገር ሄደና ይበተናሉ። ሥራው እንግዲህ ይህ ነው፦ ውሃው ያቧደናቸውን ዘለላዎች ውሃው ከሄደም በኋላ አብረው እንዲቆዩ ማድረግ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፀጉሩ በሳምንት አንዴ ይታጠባል፤ ኮንዲሽነሩ ላዩ ላይ እያለ፣ ገና ውሃው እየተንጠባጠበ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ወይም በጣት ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ እየተፈታ ይበጠራል። ሳምንቱን ሙሉ የሚበጠረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ይለቀለቃል። በፎጣ አይታሽም፤ የፎጣው ቀለበት ቀለበት ክር ዘለላዎቹን እየያዘ ይበታትናቸዋል። አሮጌ የጥጥ ቲሸርት ወይም ያረጀ ነጠላ ይሻላል፤ ከታች ወደ ላይ ጨበጥ እያደረጉ ውሃውን መምጠጥ ነው፣ ማሸት የለም። ፀጉሩ ገና ውሃ እያንጠባጠበ ጄል ይደረግበታል። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ጄል ከፊል በደረቀ ፀጉር ላይ ከተደረገ የሚያገኘው የተበታተኑ ዘለላዎችን ነው፤ እነሱኑ እንደተበታተኑ ያደርቃቸዋል። ከዚያ በኋላ እጅ ይሰበሰባል። እስኪደርቅ ድረስ አይነካም፣ ወደ ኋላ አይገፋም፣ «ደርቆ ይሆን?» ተብሎ አይዳበስም። የሃይድሮጅን ትስስሩ ተመልሶ የሚያያዘው ያኔ ነውና። ፀጉሩ ሲደርቅ ጄሉ ቀጭን ልባስ ሆኖ ድርቅ ይላል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሲያበቃ በመዳፍ ጨምቀው ይሰብሩታል። ልስላሴው ይመለሳል፣ ዘለላዎቹ ግን አብረው ይቀራሉ።

ጄሉን መግዛት ግድ አይደለም። ተልባ ያለበት ቤት ጄል አለ። የተልባ ፍሬ ቅርፊት ውሃ ሲያገኝ የሚዝለገለግ ስኳራማ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ይህ ነገር ሲደርቅ ፀጉር ላይ ስስ ልባስ ይሠራል፣ ልክ ፋብሪካ የሚሠራቸው ፖሊመሮች እንደሚያደርጉት። ያልተቆላ ተልባ ይወሰድና አንድ እጅ ተልባ ለስምንት እጅ ውሃ በሆነ መጠን ድስት ውስጥ ይጣዳል፤ እንዳይቃጠል ይማሰላል። ስምንት አሥር ደቂቃ ገደማ ሲፈላ መጀመሪያ ነጭ አረፋ ይነሳል፣ ቀጥሎ ውሃው ይወፍራል፤ ማንኪያው ሲነሳ እንደ እንቁላል ነጩ እየተንጠለጠለ የሚወርድ ከሆነ ደርሷል። ወዲያው መውረድና በትኩስነቱ መጠለል አለበት። ከቀዘቀዘ ፍሬውና ዝልግልጉ አይለያዩም፤ ማጥለያው ላይ ቁጭ ብሎ ያሾፋል። የተቆላ ተልባ ደግሞ ለፀጉር ብዙም አይሆንም፤ መቁላቱ የሚዝለገለገውን ይቀንሰዋል። መከላከያ ኬሚካል የሌለው ምግብ በመሆኑ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው፤ ሽታው ከተለወጠ መድፋት ነው።

ከዚህም ያነሰ ሥራ የሚጠይቅ ነገር ከፈለጉ እናቶቻችን ጋ አለ። ሹሩባ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ብልህ መፍትሔ ነው፤ ዘለላዎችን በገመድ መልክ አስተሳስሮ አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይገፋፋ ያደርጋል፣ ጫፉንም ከመፋተግ ያድናል፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማበጠሪያ አያስነሳም። እርጥብ ሆኖ የተሠራ ሹሩባ ደርቆ ሲፈታ ደግሞ ወጥ የሆነ ሞገድ ይሰጣል፤ ትስስሩ በሹሩባው ቅርጽ ተያይዟልና። አንድ ነገር ብቻ፦ ግንባር ላይ ዓይን እስኪስብ ድረስ መወጠር የለበትም። ለዓመታት የተወጠረ መብቀያ መጨረሻ ላይ ማብቀል ያቆማል፣ ግንባር ዳር የሚሸሸው የፀጉር መስመርም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ካልጠበቀ አያምርም» የምትል ሠሪ ካለች ሌላ መፈለግ ይቀላል።

ቅቤስ? ስለ ቅቤ የሚነገረው ግማሹ ተጋንኗል፣ ግማሹ እውነት ነው። አፋሮችና ሐመሮች ፀጉራቸውን በቅቤ ያሰማምራሉ፤ በደጋውም ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ፀሐይ መሞቅ የቆየ ልማድ ነው። ስብ ፀጉርን መቀባት ጥንታዊ ነገር መሆኑን ደግሞ የግብፅ አስከሬኖች ይመሰክራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ ጥናት ከተመረመሩ 18 አስከሬኖች መካከል በ9ኙ ፀጉር ላይ ስብ ያለው ቅባት ተገኝቷል። ቅቤ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፣ ቅርፊቶቹን አለስልሶ ፍትጊያ ይቀንሳል፣ የውሃውን መግባትና መውጣት ያዘገየዋል። ፀጉር አያበቅልም፤ ማብቀል የመብቀያው ሥራ ነው፣ መብቀያው ደግሞ የሚመገበው ከደም ነው። በተለይ በሚጠማዘዝ ፀጉር ላይ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ጥምዙን ተከትሎ እስከ ጫፍ ስለማይወርድ፣ ጫፉ ላይ ከውጭ ስብ መጨመር ትርጉም አለው። ሽታውን ለማይወድ ሰው ኮኮናት ዘይት አለ፤ ሞለኪውሉ ትንሽና ቀጥ ያለ በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይዘልቃል፣ ሲታጠብ የሚወጣውን ፕሮቲንም እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሕንድ ምርምር አሳይቷል። ሁለቱም ከመታጠብ በፊት በነበረው ምሽት ቢደረጉ ይሻላል። ከታጠቡ በኋላ በብዛት መቀባት ጄሉ ፀጉሩን እንዳይዝ ያደርገዋል።

ስለ እሳትና ኬሚካል አጠር አድርጌ ልለፍ። የመተኮሻ ብረት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲግል ኬራቲኑን ራሱን ማበላሸት ይጀምራል፤ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን በትናንሽ አረፋ ይሞላዋል፣ እዚያው ላይ ይሰበራል። «ጭስ» የሚሉት ነገር ሲወጣ የሚሸተው ቅባቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለዘለቄታ የሚያለሰልሱት ኬሚካሎች የሰልፈር ትስስሩን ይሰብራሉ፤ ስለዚህ ዝናብ አይመልሰውም፣ ፀጉሩ ግን ለሁልጊዜው ይዳከማል። «ኬራቲን» እየተባሉ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ጋዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ ሲገመት፣ ያልተጠቀሙት 1.64 በመቶ ነው። ጥናቱ ያገኘው ግንኙነት እንጂ ምክንያቱን የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ቢሆንም ለአንድ ሠርግ ብሎ ከመቀመጥ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ቁጥር ነው።

የአየሩ ጠባይ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አንዷን የጠቀማት ሌላዋን ሊያናድዳት ይችላል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ያኔ ፀጉር የሚነሳው በእርጥበት ሳይሆን ከሹራብና ከማበጠሪያ ጋር ሲታሽ በሚፈጠር ኤሌክትሪክ ነው፣ መድኃኒቱም ኮንዲሽነር ነው። ዱባይ ወይም ጂዳ የሚኖሩት ደግሞ ነሐሴ ላይ ከባሕሩ የሚመጣውን ወበቅ ያውቁታል፤ ሪያድ ያለች እህታቸው በዚያው ወር የምትተነፍሰው ደረቅ የበረሃ አየር ነው። ግሊሰሪን የበዛበት ቅባት ውሃ የሚስብ በመሆኑ በወበቅ አገር ፀጉሩን ያሳብጠዋል። እዚያ የሚሻለው ሲሊኮን ወይም ዘይት ያለበት፣ ውሃን ከውጭ የሚያስቀር ነው፤ በዕቃው ጀርባ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች መካከል ግሊሰሪን መኖር አለመኖሩን ማየት ይበቃል።

ማታ ፀጉሩን አናት ላይ ላላ አድርጎ ሰብስቦ በሳቲን መሸፈን፣ ወይም ትራሱን ሳቲን ማልበስ ነው፤ ሻካራ የጥጥ ትራስ ሌሊቱን ሙሉ ያበጥረዋል። ጠዋት የተነሳ ዘለላ ካለ እሱኑ ብቻ በረጠበ እጅ ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ሌላውን መንካት አያስፈልግም።